ወንዳወቅ ውሃ አልወጋም

ይድረስ ለእትየ ዘርትሁን፣ አሶሳ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ያ በክረምት የጀመረዎ የወገብ ሕመም ለቀቀዎ? ጋሽ ጌታሁንስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የአሶሳ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብየ ልዋሽዎ ግን አልችልም፤ ውሸት በቅቶኛል።

ቦራና ዳለቻ ሞቱ። የአባየ ሁለቱም በሬዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ በሳንባ በሽታ እያቃሰቱ አለቁ። በመንደራችን የሞተው ከብት አሥራ ዘጠኝ ደርሷል፤ ሁሉም ደግሞ ተከትበው ነበር። የከተባቸው ወንዳወቅ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኔ በምሠራበት ክሊኒክ የከብት ሐኪም የሆነው። ሰዉ፣ ደኅናውን መድኃኒት ሸጦ ለከብቶቻችን ውሃ ወጋ አለ። መጀመሪያ ያሉት አባየ ናቸው።

እትየ፣ ወንዳወቅ ውሃ አልወጋም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የክትባቱ ፍሪጅ ሲሞቅ የሚጮኸውን ፕሮግራም በክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ተዘጋጅቶ የመጣው በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር አልሠራ ስላለ፣ ኮዱን በፍላሽ አምጥቸ እዚያው ራሴ ገነባሁት። የኮዱን ክፍሎች የሚያገጣጥመው ሊንከር፣ ቴርሞሜትሩን የሚያነበውን ዝግጁ ኮድ፣ ላይብረሪውን፣ አላገኘሁም እያለ ሁለት ቀን አሰቃየኝ። እሱን ስጨርስ ደግሞ ፕሮግራሙ እንደ ቀንድ አውጣ ተጎተተብኝ። ኮዱን ወደ ፕሮግራም ለሚለውጠው ለኮምፓይለሩ አስቀድመን የምንሰጣቸው አጫጭር ትእዛዞች አሉ፤ ፍላግ እንላቸዋለን። አንደኛው ሒሳቡን ያፈጥናል፤ በምትኩ ግን የጎደለ ቁጥር ፈጽሞ አይመጣም ብለን ቃል እንገባለታለን። እኔም ጻፍሁት፤ ፈጠነ፤ ኮራሁ። ኮምፓይለሩ ቃሌን አምኖ፣ ቁጥር ከጎደለ ጩህ የሚለውን መስመር አያስፈልግም ብሎ ጣለው።

መስከረም ላይ አይጥ የቴርሞሜትሩን ገመድ በላው። በዚያው ሰሞን መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፤ ወንዳወቅም ገጠር ነበር። ኮምፒውተሩ በሶላር እየሠራ፣ ከፍሪጁ አንዲት ቁጥር ሳይመጣለት ዝም አለ። መብራት ሲመለስ ፍሪጁ እንደገና ቀዘቀዘ፤ ክትባቱ ግን በሙቀቱ ተበላሽቶ ነበር። ወንዳወቅ ገብቶ ኮምፒውተሩን ቢያይ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ያንን አምኖ ክትባቱን ይዞ ወጣ።

ከብቱ ማለቅ ሲጀምር ጠረጠርሁና ፍላጉን አውጥቸ ፕሮግራሙን እንደገና ገነባሁት። ገመዱ እንደተበላ ነበርና ወዲያው ጮኸ። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። አባየን ፈራሁ፤ ሥራየንም ማጣት ፈራሁ። ነገ፣ ነገ እያልሁ አሥራ አንድ ቀን አለፈ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መንደሩ ጥፋተኛውን ሊያወጣ ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ቄስ ሃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና፣ እውነቱን እያወቀ የደበቀ ውግዝ ይሁን አሉ። ሕዝቡ ይሁን አለ። እኔም ከአባየ ጎን ቆሜ ይሁን አልሁ። ወንዳወቅም ከፊታችን ብቻውን ቆሞ ይሁን አለ፤ እሱ ከልቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚመልስለት ጠፋ። ሚስቱ ሰብሊ እሳት ልትጭር ብትሄድ በር ተዘጋባት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቸ ሁሉንም ተናገርሁ። ፍላግ ምን እንደሆነ የገባው ሰው የለም፤ እኔ ነኝ ማለቴ ግን ገብቷቸዋል። ከዚያ ወደ ወንዳወቅ ቤት ሮጥሁ። ሰብሊ ሐሙስ ዕለት ጥሎ መሄዱን ነገረችኝ። የቀን ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ እናንተ በሚሄድ የጭነት መኪና ሲሳፈር ቡሬ ላይ ያየው አለ። የምለውን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ ከግዝቱ በፊት ታውቅ ነበር ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አውቅ ነበር አልኋት። ገብታ በሩን ዘጋችው።

እትየ፣ የምለምንዎ ይህን ነው። የአገራችን ሰዎች በሚውሉበት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ያፈላልጉልኝ። ሲያገኙት ስሙ እንደጸዳ ይንገሩት። አምላኩ ይቅርታ ጠይቆሃል ግን አይበሉብኝ፤ እሱን ፊቱ ቆሜ ካልሆነ መጠየቅ አይሆንልኝም። እኔ ከሥራ ታግጃለሁ፤ የሚገባኝ ነው።

ጋሽ ጌታሁንን እጅ ይንሡልኝ፤ ሳምሪንና ውዳሴን ይሳሙልኝ። እማየ ለወገብዎ የግሽ ዓባይ ጠበል ልከዋል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። አባየ ሁላችሁንም ሰላም ብለዋል። ለወንዳወቅም ሰላምታ ጻፍልኝ ብለው ጀምረው ነበር፤ በየትኛው አፌ አሉና ተዉት።

ወንድምዎ አምላኩ ገነነ
ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.