የግራው ደም ሥር

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ግራው ነው አለ ዶክተሩ። ከግራ ቆለጤ ደም የሚመልሰው ሥር አብጦ ደም አቁሯል፤ ሙቀቱ ዘሬን አዳክሞታል። ስሙ ቫሪኮሴል። ከባድ ነገር ሳነሳ የሚጎትተኝን ሕመም ለዓመታት ብስክሌት ያመጣው ነው ስል ኖሬአለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ እኮ። ስለ መራቢያ አካላት የማስተምር ደደብ።

ከጫልቱ ጋር ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆነን። ስድስቱንም ዓመት የተመረመረችው እሷ ናት። ክኒን፣ መርፌ፣ ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ጨምረው ያነሷት ራጅ፣ ከጅባት ጫካ የመጣ መራራ ሥር። እኔ ኮሪደር ላይ ጋዜጣ አነብ ነበር።

ማክሰኞ

ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ከሸነን መጣ። ጫልቱ ጓዳ እስክትገባ ጠብቆ እንደ ልማዱ ስለ ሌላ ሴት አነሳ። ጉደር አንዲት ልጅ አይቶልኛል፤ ዘሯ ወላድ ነው አለ። ራሱ ስምንት ወልዶ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ እንኳ አያውቅም። ናቅኩት። ግን አፌን ዘግቼ ምሳዬን በላሁ። ሐኪም ቤት ልገባ ነው ስለው ምን ሆነህ አለኝ፤ ትርፍ አንጀት አልኩት። ለርዕሰ መምህሩም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ረቡዕ

አዲስ አበባ። ነገ ቀዶ ሕክምና ይደረግልኛል። ሆዴ ላይ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ በስተው፣ በአንዱ ካሜራ አስገብተው ያበጠውን ሥር ይዘጉታል። ሆድ መቅደድ የለም። ቢሆንም ፈራሁ። ጫልቱ አላጽናናችኝም። ወረቀቶቼን ይዛ ተሰለፈችልኝ።

ዓርብ

አለቀ። ቀዶ ሕክምናው ከአንድ ሰዓት ብዙም አላለፈም አሉኝ። ሚኒባሱ ጊንጪ ላይ በዘለለ ቁጥር ሆዴን ይዤ አቃሰትኩ። ጫልቱ በመስኮት ታያለች። ቤት ገብተን ፕላስተሮቹን አሳየኋት።

"ይሄ ብቻ ነው?" አለች።

ሸሚዜን ወደ ታች መለስኩ።

እሑድ

ገመቹ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከኦቦ ቶላ ጋር ሊጠይቀኝ መጣ። ኦቦ ቶላ ለትርፍ አንጀቴ ጸለዩ። ለሌለ በሽታ እንዲህ ሲማለድ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥለው ወደ ጫልቱ ማህፀን አለፉ። እሷ በሩ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗን አልጨፈነችም።

"ይቆዩኝ ኦቦ ቶላ" አልኩ። "የታከምኩት ትርፍ አንጀት አይደለም። ልጅ ያጣነው በእኔ ነው። እሷ ድሮም ደህና ነበረች።"

ገመቹ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ "ቀስ በል፣ ሚስትህ ትሰማሃለች" አለኝ። የተጨነቀው ለእኔ ክብር ነው! ኦቦ ቶላ ጸሎቱን ሳይቋጩ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ጫልቱ አላመሰገነችኝም። ምኑ ይመሰገናል?

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዘሬ ከሦስት ወር በኋላ ይመረመራል። ሊሻሻል ይችላል፣ ላይሻሻልም ይችላል። ባይሆንስ ብዬ ጫልቱን ጠየቅኳት፤ እኔ ደክሞኛል አለች።

ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን በር ላይ አቁማ የተለመደውን ጥያቄዋን ስትጠይቃት ከአልጋዬ ሰማሁ። ዛሬም ምንም የለም ወይ፣ አላረገዝሽም ወይ የሚለውን።

"ባሌን ጠይቂው" አለቻት ጫልቱ። "ውስጥ ነው፣ ግቢ።"

ሴትዮዋ አልገባችም። ጫልቱ ስትስቅ ሰማሁ። በእሷ ይሁን በእኔ አላወቅኩም።