ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

ልብስ አጠብኩ። ሩዝ ቀቀልኩ። የሴንግን ሸሚዞች አጣጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ መለስኳቸው... ለማን ነው የማጣጥፈው? ባሌ ከሞተ ዛሬ ሃምሳ አንደኛ ቀኑ።

የፈላ ውሃ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። የጮኸችው ልጄ ዩዊን ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ጣቴ ቀልቷል። ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 29

የኛ የቻይናውያን ዘመን መለወጫ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀይ ለብሶ ቤት ለቤት ይዞራል። እኔና ልጄ እጅጌያችን ላይ ጥቁር ጨርቅ አለ። መቶ ቀን እስኪሞላ የሰው ደጃፍ አንረግጥም። ዩዊን መስኮት ላይ ተለጥፋ ዋለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ታድርግ?

ወደ ማታ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ካርታ ዘረጋች። የከተማችን የጆርጅታውን ሐውልቶችና የግድግዳ ስዕሎች፣ ሃያ ናቸው። እያንዳንዱ ጋ ስትደርስ አጠገቡ ካለው ሱቅ ማኅተም ይመታላታል።

"እማ፣ መንገድ የማንም ቤት አይደለም አይደል?"

አማ፣ የሴንግ እናት፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ "እኔም እመጣለሁ" አሉ። በዚያ ጉልበት!

ቁጥር አሥራ ዘጠኝን ዓይኔ ቀድሞ አገኘው። "ኑድል ሻጩ" ይላል። ሴንግ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀራፂ ጋሪያችን ጋ ሲበላ ከርሞ፣ በእሱ አምሳል ከብረት ሠራው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ካርታውን አጠፍኩት።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2

አራት ማኅተም። ዩዊን ግድግዳ ላይ የተሳለ በር ፊት ፎቶ ልነሣ ስትል አማ ክንዷን ያዟት።

"ሐዘንተኛ የሰው በር ላይ አይቆምም።"

"አማ፣ ቀለም እኮ ነው!"

"ቀለምም ቢሆን በር በር ነው። ድንገት ቢከፍቱልሽስ ምን ልትዪ ነው?"

ዩዊን ሆዷን ይዛ ሳቀች። እዚህ ጋ እንደሚሳቅ ገባኝ። ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ብረት ዓሣ ሻጭ፣ ብረት ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ደግሞ ምን እንደሆነ ያልገባኝ። አማ ሐውልት ጋ በደረስን ቁጥር ጠጋ ብለው እጁን ይዳብሳሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል።

"የከተማውን ሰው ሁሉ ሊጨብጡ ነው እንዴ?" አልኳቸው።

"ሰላምታ በነፃ ነው" አሉ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ዝናብ። አልሄድንም። ደስ አለኝ? አይ... ምንም አላለኝም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

"ለምን በአሥራ ዘጠኝ በኩል አንሄድም? እዚህ ጋ እኮ ነው!" አለች ዩዊን።

"መንገዱ ተቆፍሯል" አልኳት። ዋሸሁ። አማ ፊታቸውን ወደኔ መለስ አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። የቀብሩ ዕለት አላለቀስኩም። ሆስፒታል እጁን ይዤው ነበር፤ በረዶ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ደነዘዝኩ። እሱ ፊት ሄጄ ቆሜም ምንም ባይሰማኝስ? አልወደውም ነበር ማለት ነው? አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ? ባላየው ይሻላል።

እሑድ፣ ማርች 9

ባለፈው እሑድና ዛሬ ዞረን አሥራ ዘጠኝ ማኅተም ሞላ። አንድ ብቻ ቀረ። የአማ ጉልበት አብጧል። "እቤት ይቀመጡ እንጂ" ብላቸው ተቆጡ።

"እግሩ የኔ! አንቺ ምን አገባሽ?"

ዓርብ፣ ማርች 14

ዩዊን የአማን ጉልበት አሽታ ወጥ ቤት መጣች። እጇን እየታጠበች፣ እንደ ቀላል ነገር...

"እማ፣ አማ እኮ ሐውልት ጋ በደረስን ቁጥር 'ይሄ ነው?' ይሉኛል።"

"ምኑ?"

"አባዬ ነዋ። አይደለም ስላቸው እጁን ይለቁታል።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በኛ ወግ ትልቅ ትንሹን አይቀብርም። እናት ልጇን አትሸኝም። ሴንግ ከቤት ሲወጣ አማ ጓዳ ነበሩ፤ በሩ ተዘግቶባቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። ሳጥኑን አላዩም። መቃብሩ ጋም አልሄዱም። ሐውልት ግን መቃብር አይደለም። ለካ በዚያ ጉልበት አምስት እሑድ የተከተሉን ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ እያወቅኩ በሌላ መንገድ ስወስዳቸው ከረምኩ።

አፈርኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ቢሰማኝ እፍረት ሆነ።

አማ ጋ ገብቼ "ለምን እኔን አልጠየቁኝም?" አልኳቸው።

"መንገዱ ተቆፍሯል ስትዪ ገባኝ። ቁስል አይጎረጎርም ብዬ ነው።"

እሑድ፣ ማርች 16

መቶኛው ቀን። ጨርቁን ሳናወልቅ ሄድን። አማ በየጥላው እያረፉ፣ ስንደርስ ቀትር ሆነ። ለፎቶ ወረፋ የያዘ ሰው መዓት ነው።

"ሰልፍ አለ፣ እማማ" አለች አንዷ ወጣት።

ዩዊን ወገቧን ይዛ "አባቴ ነው!" አለቻት። ልጅቷ ጨርቃችንን አየች። ሰልፉ ሁሉ ገለል አለልን።

ራሱ ነው። ጋሪው፣ ምጣዱ፣ ጭልፋው በግራ እጁ... ግራኝ መሆኑን እንኳ አልረሳም ቀራፂው። ሰው እየጨበጠው ቀኝ እጁ አብረቅርቋል። አማ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ይሄ ነው?"

"አዎ፣ አማ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። ከዚያ ቀስ ብለው "ይሞቃል" አሉ። "የልጄ እጅ ይሞቃል። ነይ፣ አንቺም ንኪው።"

ፀሐይ ነው ልላቸው ነበር። ተውኩት። እጁን ያዝኩ። አቃጠለኝ። አልለቀቅኩትም። ከዚያ መንገድ መሃል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። ናፈቀኝ። ሴንግዬ ናፈቀኝ።

"እሰይ፣ አልቅሺ" አሉ አማ። "ይውጣልሽ።"

ጨርቁን እቤት አቃጠልነው። ማኅተሙን ግን ሦስታችንም ረስተነዋል፤ አሥራ ዘጠነኛው ቦታ ባዶውን ነው። ዩዊን ይህን ስጽፍ መዳፌን አየችው። ቀልቷል፣ ይለበልበኛል።

"ቅባት ላምጣልሽ?"

ይቆይ አልኳት።