ታክሲ ውስጥ የተከፈተው ዘፈኔ

ቡራዩ፣ ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2008 ዓ.ም.

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ኦሮሚያ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን መጥቶ የአክስቴን አልጋ ሳይቀር ለካ እያልኩ በክራር የቀለድኩበት ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ አገር አዳርሷል። ሰው መንገድ ላይ ሲያውቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ስመለስ ፖሊሶች ታክሲያችንን አስቁመው የተቃውሞ ቪዲዮ ፍለጋ ስልክ ፈተሹ። ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ስልክ ላይ የእኔ ዘፈን ተገኘ። ፖሊሱ ከፈተው። ድምፄ ታክሲውን ሞላው፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ስልኩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«አንተ ነህ?»

አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «የኔ ልጅ ነው። አይሰማም፣ አይናገርም» አሉት።

ፖሊሱ ትንሽ አፍጥጦ አየኝና ተወኝ። ልጅቷን ግን «ውረጂ!» አላት። ስትወርድ ዞር ብላ አየችኝ። አውቃኛለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ሽማግሌው ሲወርዱ፣ «መነ ገሊ፣ ልጄ፤ ቤትህ ግባ» አሉኝ።

ገባሁ። ቪዲዮውን አጠፋሁት፤ ግን በስንቱ ሰው ስልክ ላይ እንዳለ እንጃ። በሩ ኳ ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ። የልጅቷን ስም እንኳ አላውቅም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ልጠይቅ ብል፣ ማን ብዬ ነው የምጠይቀው? እኔስ ማን ነኝ ልበል?