«አንብቤዋለሁ» ያለችሽ ቀን

ውድ እህቴ አኮት፣

ይህን የምጽፍልሽ ቤት ሆኜ ነው። ርእሰ መምህሩ ለቀብርሽ የሰጡኝ ፈቃድ ካለቀ ቆይቷል፤ እኔ ግን አልተመለስኩም። እማዬን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። ብሄድስ ምን እማራለሁ? መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር መልሼ እዘጋዋለሁ።

የተኛሽው ከአጥሩ ውጭ ነው። ያላገባች ልጅ ግቢ ውስጥ አትቀበርም፤ ታውቂዋለሽ። እማዬ የአጎቶቻችንን እግር ይዛ ለምናለች። «እሺ፣ እሷን አታስገቧት፤ አጥሩን ወደ እሷ እናስፋው» አለች። አጎቴ ኦንያንጎ መሬት መሬት እያየ፣ «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ የወንድሜ ሚስት» አላት። ያለው ይህን ብቻ ነው። አሁን በየማለዳው ትወጣና የአጥሩን ቅንጭብ በእጇ እየገነጠለች ቀዳዳ ታሰፋለች። ወተቱ ዐይኗ ውስጥ እንዳይገባ እፈራለሁ። ተዪ ስላት አትሰማኝም።

ሐይቁ ዳር የሆነውን ልንገርሽ ብዬ ነው የተነሳሁት። አንቺ የሰማሽው መጨረሻውን ብቻ ነውና።

ትምህርቱን ይዘሽ የመጣሽበትን ዕለት ታስታውሻለሽ? ኪሱሙ ኮሌጅ ሆነሽ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሽውን፣ ማንበብና መጻፍ፣ ስልክ መጠቀምም በነጻ የሚያስተምረውን። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ብቻ ስለነበር አንቺ ወደ እኛ ቋንቋ መልሰሽ፣ በራስሽ ድምፅ እየቀዳሽ ጫንሽው። ከዚያ ትናንሾቹን የኦሜና ዓሦች የሚያሰጡትን ሴቶች የጀልባው ዳስ ሥር ሰበሰብሻቸው። ሚን ኦኩሙ ወገቧን ይዛ እንዴት እንደሳቀችብሽ ትዝ ይለኛል።

«እኔ ስልክ የገዛሁት ባሌን ልቆጣጠርበት ነው እንጂ ተማሪ ልሆንበት ነው እንዴ?»

«ታዲያ የሚጻፍለትን ሳታነቢ በምን ትቆጣጠሪዋለሽ?» አልሻት።

ሴቶቹ መረብ ላይ ተንከባለሉ። ቀድማ የተቀመጠችውም ሚን ኦኩሙ ነበረች።

መጀመሪያ ስልኩን ራሱን አስተማርሻቸው፤ የቱ ምልክት ምን እንደሆነ። ከዚያ ፊደል፣ ከዚያ ቃል። ወደ ኪሱሙ ስትመለሺ ደግሞ በየቀኑ ከትምህርቱ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ትልኪላቸው ጀመር። «ዓሣው ትኩስ ነው።» «ዝናብ መጣ።» ያነበበች በድምፅ «አንብቤዋለሁ» ብላ ትመልስልሻለች። እማዬ ግን የሁሉም መጨረሻ ነበረች። የመጀመሪያውን ቃል ታግላ ታግላ ስልኩን ለሌላ ታቀብላለች። ስሟን ትተው በትውልድ አገሯ እየጠሩ ይቀልዱባት ነበር፤ «ኛር ሳክዋ፣ አንቺ እስክታነቢ ሐይቁ ይደርቃል!» እሷም ትስቃለች። ቤት ገብታ ግን አትስቅም ነበር። አንድ የእረፍት ቀን ማድቤት ውስጥ ብቻዋን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አይቻታለሁ። ይህን አልነገርኩሽም ነበር።

የዚያ ሰሞን ትምህርት ስለ ሕክምና ነበር። «ልጁ ትኩሳት አለው።» «ሐኪም ቤት ውሰጂው።» «ራሴን አሞኛል።» በሽታ በሽታ የሚል ሳምንት።

ኪሱሙ ከቤትሽ ጎን ያለችው ከሰል ሻጭ ለቀብሩ መጥታ ሁሉን ነገረችን። አብራሽ የምትኖረው ልጅ ወደ አገሯ ሄዳ ነበር። ጉሮሮሽ አብጦ ምራቅ መዋጥ አቅቶሽ ነበር። ስትጠይቅሽ በእጅሽ ምልክት ብቻ ትመልሺላት ነበር። «ትምህርት ስትቀዳ ውላ ድምፅዋ የተዘጋ መስሎኝ ነበር፤ ሻይ በማር አፍልቼ ሰጠኋት» ብላ አለቀሰች። መናገር ስላልቻልሽ መደወል አልቻልሽም። እኔ ያለሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት ደግሞ ስልክ ክልክል ነው። ስለዚህ ለእማዬ ጻፍሽላት።

«እማ፣ አሞኛል። ነይ።»

እማዬ ኦሜናውን እየገለበጠች ነበር። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ አነሳችው። ይህን የነገረችኝ ሚን ኦኩሙ ናት።

«ዛሬ ማንም እንዳያግዘኝ!» ብላ ጮኸች።

«ኧረ ማን ሊያግዝሽ፤ የእኔ ገና አልመጣም» አለቻት ሚን ኦኩሙ። «ኔትወርኩም አንቺን ወደደ።»

ከበቧት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አንድ በአንድ ለቀመችው። አንዴ ተሳስታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር አሉ። «አሞኛል» ስትል አንዷ «በርቺ!» አለቻት። «ነይ» ላይ ስትደርስ እልልታው ጀልባ ላይ ያሉትን ዓሣ አጥማጆች ሁሉ አስነሳ። ሚን ኦኩሙ እማዬን ከመሬት አንስታ አሽከረከረቻት። «ሐይቁ ሳይደርቅ! ኛር ሳክዋ ሐይቁ ሳይደርቅ አነበበች!»

እማዬም የድምፅ መልእክቱን ተጭና ላከችልሽ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ስልኩ ላይ አለ።

«አኮት! አኮት ልጄ! አንብቤዋለሁ! አሞኛል ነይ ይላል! ብቻዬን ነው ያነበብኩት፣ እነሱን ጠይቂያቸው! ነገ ደግሞ ከዚህ ረዘም ያለ ላኪልኝ!» ከኋላዋ ጭብጨባ አለ፤ እልልታ አለ።

ያን ዕለት እማዬ ስትዘፍን ነው ያመሸችው። በማግስቱ ከሰል ሻጯ ከሐኪም ቤት ደውላ ስትነግራት፣ እማዬ መጀመሪያ ያለችው «ትምህርት አልነበረም?» ነው። ሴትዮዋ አልገባትም። እማዬ ደጋግማ «ትምህርት አልነበረም እንዴ? ትምህርት አልነበረም?» ስትል ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

ዳሱ ሥር አሁን ማንም አይቀመጥም። ሚን ኦኩሙ ደጃችን መጥታ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ «እኔ ከእንግዲህ ፊደል የሚባል አላይም፤ እልል ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «አይዞዎት እማማ» አልኳት። ከእኔ አፍ ሲወጣ ራሴም አፈርኩ። ትምህርቱ ግን አልተወንም። ማንም ካልከፈተው ራሱ ያስታውሳል፤ ማስታወሻውንም የቀዳሽው አንቺ ነሽ። እማዬ ስልኩን የዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ብትከተውም ከዚያ ውስጥ ትጠሪናለሽ። «ከተገናኘን ቆየን እኮ! ዛሬ ትንሽ እናንብብ?» እየሳቅሽ ነው የምትዪው። ልዘጋው አስቤ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

አንድ ቀን የበቆሎ ገንፎ፣ ኩዎን፣ ሠርቼ እማዬ ፊት አስቀመጥኩ። አልነካችውም።

«ኦጎላ፣ ያን ድምፄን ሰምታው ነበር?» አለችኝ።

ስልኩን ከቆርቆሮው አውጥቼ አየሁ። ከመልእክቱ ጎን ያለችው ትንሿ ማይክሮፎን ሰማያዊ ሆናለች። ሰምተሽዋል። ያን ጉሮሮ ይዘሽ፣ ብቻሽን፣ ትመጣልኛለች ብለሽ የከፈትሽው ያን ጭብጨባ ነው። ሰምተሽ ሌላ ለምን እንዳልጻፍሽ ቀንም ማታም አስባለሁ። አቅም አጣሽ? ወይስ ደስታዋን ለማበላሸት ልብሽ አልጨከነም? እባክሽ አቅም አጥተሽ ይሁን።

«አልሰማችሽም፣ እማ» አልኳት። «ስልኳ ተዘግቶ ነበር።»

ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ከዚያ ኩዎኑን ቆርሳ ጎረሰች። ከቀብርሽ ወዲህ ስትበላ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ይህን ነገር እኔና አንቺ ብቻ እንይዘዋለን፣ እሷ እየበላች ትኖራለች ብዬ አሰብኩ። ለማዳን የቀረኝ እሷን ብቻ ነበርና።

ዛሬ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቅንጭቡ ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ግማሽ አካሏ ግቢ ውስጥ፣ ግማሹ ወዳንቺ። ስልኩ እጇ ላይ ነበር።

«ና ተቀመጥ» አለችኝ። «ይቺ ግራጫ ከሆነች አልተሰማም። ሰማያዊ ከሆነች ተሰምቷል። አይደል?»

የቀዳሁትን ውሃ አስቀምጬ ጎኗ ተቀመጥኩ።

«የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ሁሉን እየረሳሁ ሳስቸግራት ይቺን ግን አልረሳኋትም። ጎበዝ ብላኝ ነበር።»

«እማ፣ ምናልባት... ማንበብሽን ስትሰማ ደስ ብሏት ይሆናል።»

«አሞኛል ነይ ብላ?» አለች። አልተቆጣችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ሰምታኛለች። ነገ ረዘም ያለ ላኪልኝ ስላት ሰምታኛለች።»

ከዚያ መጻፍ ጀመረች። እስከዛሬ አንድም ቃል ጽፋ አታውቅም። ጣቷ ወተቱ አቃጥሎት አብጧል፤ እየሳተች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየጀመረች ጻፈች። ልረዳት እጄን ስዘረጋ በክርኗ ገፋችኝ። ሲያልቅ ላከችልሽ።

«መጣሁ።»

አንድ ግራጫ ምልክት ወጣ። አንድ ማለት ተልኳል፣ ሁለት ማለት ደርሷል ብለሽ ያስተማርሻት እሱን። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ እስክታዘቀዝቅ ዐይኗን ሳትነቅል ሁለተኛውን ጠበቀች። አሁንም እየጠበቀች ነው።

ከሰል ሻጯ ያመጣችልን ስልክሽ እኔ ጋ ነው፤ ባትሪው ሞቷል። ቻርጅ ባደርገው ሁለተኛው ምልክት ይመጣላታል። ብዙ አሰብኩበት። ከመጣላት ግን ሰማያዊ እስኪሆን መጠበቅ ትጀምራለች። ስለዚህ አላደርገውም። ስልኩን በዚህ ደብዳቤ ጠቅልዬ፣ እሷ ባሰፋችው ቀዳዳ አልፌ፣ ጎንሽ እቀብረዋለሁ። እኔም ካሁን ወዲያ አልጽፍልሽም፣ እህቴ። ከዚህ ቤት የሚጻፍልሽ መጨረሻው የእሷ ይሁን።

አሁን በመስኮቱ አየኋት። አሁንም ምልክቱ አንድ ነው።

ወንድምሽ ኦጎላ