ደረጃ የሌለበት ሜዳ

ጥር 18
ምክር ቤቱ የመናፈሻውን ታችኛውን ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ለማድረግ በቀረበው ሐሳብ ላይ በየካቲት መጨረሻ ድምፅ ይሰጣል።

የጋዜጣው አለቃዬ የመናፈሻውን ታሪክ እንድጽፍ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል?» ማንም... ብዬ አመንኩ። ከወንበሬ ሳልነሳ ጨረስኩት። ቦታው ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር፤ ላይኛው ክፍል ደረጃ ብቻ የሆነው ለዚያ ነው። ታችኛው የድንጋይ ጋሪዎች የሚዞሩበት ስለነበር ሜዳ ሆኖ ቀረ። በመናፈሻው መሀል የዓሣ ኩሬ አለ ብዬም አሳመርኩት።

ጥር 22
ጽሑፉ ወጣ። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ሐኪሙ ደረጃ ከልክሏት፣ በምርኩዝ የምትለማመደው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። በአቅራቢያችን ሌላ ደልዳላ ቦታ የለም።
«ኩሬው የት ነው?»
«መሀል ላይ ነዋ።»
«አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ከሄድክ ስንት ዘመንህ ነው?»
የድሮ ፎቶ አይቼ ነው የጻፍኩት... አልነገርኳትም። ገብቷታል።

የካቲት 6
የምክር ቤት አባላት ቦታውን ሊያዩ ነው። አስጎብኚው እኔ። እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው? ደስ ብሎኝ እንጂ።

የካቲት 9
ጉድ ሆንኩ። በላይኛው በር አስገባኋቸው። የኩሬው ቦታ ላይ ሽንት ቤት ቆሟል። «ይሄም ታሪካዊ ነው?» አለ አንዱ። ሜዳውን ፍለጋ ደረጃ ወረድን፣ ወጣን፣ ደግመን ወረድን። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ስንደርስ ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታየናለች።
«እሱ ነው የመራችሁ? ወይ መከራችሁ። በታችኛው በር እኮ ደረጃ የለም።»
ሰብሳቢዋ አጠገቧ ዘፍ አለች። «እማማ፣ እርስዎ ያንን ደረጃ እንዴት ይችሉታል?»
«አልችለውም። እዚህ የምመጣው ለዚህ ነው።»
ስንወጣ በታችኛው በር ባለቤቴ መራችን። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

የካቲት 25
እርማቱ ወጣ። ኩሬው ከተደፈነ ቆይቷል የሚል፣ በስሜ። አለቃዬ ከዋናው ጽሑፍ የበለጠ ተነቧል ይላል፤ እየሳቀ።

አሁን ጠዋት ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ። ቦርሳ ያዥ ሆኛለሁ። በምርኩዝ ቀድማኝ ትሄድና «ታሪክ ጸሐፊው፣ ደከመህ እንዴ?» ትለኛለች። ትላንት ቀያሾች መጥተው ሣሩ ላይ ለመኪና ማቆሚያው ነጭ መስመር ቀብተዋል። እሷ መስመሩን አልፋ ተራመደች።

ለሰብሳቢዋ ደወልኩ። «ገና አልወሰንኩም» አለችኝ።

ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነው።