ረዳት የሚሆን ሰው አላውቅም

ውድ አለኸኝ፣

ዛሬ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነውና ሰላምታ አልጽፍልህም። ከመሪጌታ አስናቀው እግር ሥር ያደግህ ሰው ስለሆንክ ሥርዓቱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። እውነቱን ልንገርህና ሕማማት መሆኑ ጠቅሞኛል። ጤናህን ጠይቄ፣ የዘመድ አዝማዱን ደኅንነት ጠይቄ፣ የበልጉን ነገር ጠይቄ፣ እንደ ልማዴ ዋናውን ሳልነካ ወረቀቱን እጨርሰው ነበር። ያልደወልኩልህም ለዚሁ ነው። ድምፅህን ስሰማ ሳላስበው እዋሻለሁ፤ የጻፍኩትን ግን ቢያንስ መልሼ አነበዋለሁ። ደብዳቤውን የምታመጣልህ ጎረቤታችን የኔአለም ናት፣ ለፋሲካ ወደ አገር እየገባች ነው። መጀመሪያ ብቻህን አንብበው። ከዚያ ወዲያ ለፈለግከው ሰው ብታነበው ቅር አይለኝም።

እኔ የክሬን ኦፕሬተር አይደለሁም፣ አለኸኝ። ሆኜም አላውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ክሬኑ የሚያነሳውን ብረትና ጣውላ በሰንሰለት የማስር ሰው ነኝ። አስሬ ስጨርስ ላይ ላለው ኦፕሬተር በእጄ ምልክት እሰጠዋለሁ፤ እሱ ያነሳል፣ እኔ ቀና ብዬ አያለሁ። ክሬኑን የሚነዳው አድማሴ የሚባል ሰው ነው። አስቸጋሪ ነው፣ ምሳውን እንኳ የሚበላው እዚያው ላይ ሆኖ ነው፣ ከታች በገመድ እንልክለታለን። እኔ የክሬን ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ኮምቦልቻ በሥልጠና ላይ ሳለሁ ብቻ ነው።

አንተም እዚያው ስለሠለጠንክ ያንን ወንበር አሁን ታውቀዋለህ። ያሠለጠኑን ሰዎች ክፉ አልነበሩም፣ የሚያውቁትን አልደበቁንም። ግቢው ውስጥ ያለው ክሬን ግን አንድ ነው፣ እሱም ዕድሜውን የጨረሰ። ተራህ ሲደርስ ወጥተህ ያችን በርሜል አንስተህ ታስቀምጣለህ፣ ወዲያው ቀጣዩ ይጠራል። ያ ሁሉ ሠልጣኝ ያቺን አንድ በርሜል እያነሳ ሲያስቀምጥ ይውላል። አንተ ይህን ስታይ ግራ ሳይገባህ አልቀረም። ግን "መዝገቡ በዚችው በርሜል ተምሮ ሥራ ይዞ የለ?" ብለህ ራስህን አጽናናህ። እኔ ባልኖር ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ነቅተህ ትመለስ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ልንገርህ። አምና ሐምሌ ላይ ለእናቴ ደውዬ "ጨረስኩ፣ ተመረቅሁ" አልኳት። ያልኳት ይኸው ብቻ ነው። እናቴ አበዛሽ ደግሞ የቄስ ልጅ፣ የቄስ እህት ናት። እሷ በምታውቀው ዓለም ድጓውን ዘልቆ ያስመሰከረ ሰው ሥራ ፍለጋ አይዞርም፤ ደብሩ ራሱ ይፈልገዋል፣ መሪጌታ ተብሎ ይቀመጣል። ትምህርቱ ካለቀ ሥራው አለ ማለት ነው። ስለዚህ "ተመረቅሁ" ስላት የሰማችው "ሥራ ያዝኩ" ብላ ነው። እኔ ለሥልጠና ስሄድ ደግሞ ልጄ ሥራ ከያዘ ብላ ለተክለ ሃይማኖት ጥላ ተስላ ነበር። ስለት እንደማይታደርበት ታውቃለህ። ነሐሴ ሃያ አራት ለንግሥ አገር ስገባ ጥላው ተገዝቶ፣ ወርቃማ ዘርፉ ተንጠልጥሎ፣ ነጠላ ለብሶ ጓዳ ተቀምጦ አገኘሁት።

የዚያን ዕለት ልነግራት እችል ነበር። ጠዋትም እችል ነበር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በጭቃው መንገድ ላይም እችል ነበር። ደስ ብሏት ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች፤ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ታቦቱ ዞሮ ሲቆም የደብሩ አስተዳዳሪ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ "ወይዘሮ አበዛሽ ልጃቸው መዝገቡ የክሬን ኦፕሬተር ሆኖ ሥራ ስለያዘላቸው ይህን ጥላ ለጻድቁ አስገብተዋል" አሉ። እልልታው ቀለጠ። አንተ መቋሚያህን ይዘህ ከመሪጌታ ጎን ቆመህ ነበር። ሰዉ ሁሉ ጥላውን ሲያይ አንተ ያየኸው እኔን ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ መስቀል ተሳለምኩ፣ ያን ጊዜ ከአንተ ዓይን ለመሸሽ እንጂ ለሌላ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ? ተክለ ሃይማኖት ፊት የተነገረን ነገር ማን ደፍሮ ሐሰት ነው ይላል? ዝም ብዬ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩና ውሸቱን እውነት ላደርገው ሥራ ፍለጋ ጀመርኩ። በየሳይቱ ምስክር ወረቀቴን ሳሳይ ፎርማኖቹ ገልብጠውም አያዩትም። "ማን ጋር ነው የሠራኸው?" ነው ጥያቄያቸው። ሠልጥኛለሁ ስላቸው፣ ሥልጠናማ ሁሉም ሠልጥኗል ይሉኛል። ሰው ኦፕሬተር የሚሆነው ከኦፕሬተር ጋር ወጥቶ፣ ረዳት ሆኖ፣ ማሽኑን እየቀባ፣ ኦፕሬተሩ ሲደክመው ትንሽ ትንሽ እየነዳ ነው። ረዳት ለመሆን ደግሞ የኦፕሬተሩ ወንድም ወይም የእህት ልጅ መሆን አለብህ። ጥቅምት ላይ ጭነት ማሰር ሲገኝ ተመስገን ብዬ ገባሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። እናቴ ስትደውል ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች። አሥራ አንደኛ እላታለሁ፣ ውሸት አይደለም፤ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ክሬኑ ያነሳውን ፌሮ ብረት እየተቀበልኩ ነው። እሷ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የሚታያት፣ እንዲታያትም ፈቅጃለሁ። አንተም እንዲሁ።

ታኅሣሥ ላይ ስትደውልልኝ ያልከኝን አልረሳሁትም። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥተህ ነበር፣ ነፋሱ ይሰማኛል። "ሥልጠናው እውነት ሥራ ያስገኛል? የሰማኸውን ሳይሆን የምታውቀውን ንገረኝ፤ አንተ ያልከውን አደርጋለሁ" አልከኝ።

እኔ ደግሞ ሳቅ ብዬ፣ "እኔን እያየኸኝ ትጠይቃለህ?" አልኩህ።

በቃ። ያን ብቻ ነው ያልኩህ፣ አለኸኝ። አዎ ያስገኛል አላልኩም፣ አያስገኝም አላልኩም። ስልኩን ዘግቼ ለራሴ አልዋሸሁም ስል አመሸሁ። አንተ ግን በዚያች ቃል የአባትህን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጠህ፣ ከመሪጌታ ደጅ ወጣህ። እናቴ ነግራኛለች፤ ድጓውን ጨርሰህ ማስመስከሪያው ወዳለበት ቤተልሔም ደብር ልትሄድ ጥቂት ሲቀርህ መሆኑን ነግራኛለች። መሪጌታ ጨርሰህ ሂድ ብለው ሲለምኑህ የእናቴን ጥላ አሳየሃቸው አሉ። እርሳቸውም ጥላውን አይተው ልመናውን ተዉ። ምን ይበሉ? የጻድቁን ጥላ ውሸታም ነው አይሉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብዬ ልቀልድብህ እችል ነበር፣ የሰማኸው ከእኔ ባይሆን ኖሮ።

እስከዚህ ያለውን ፈሪ ነኝ ብዬ ላልፈው እችል ይሆናል። ቀጥሎ የምነግርህን ግን እንደዚያ ላልፈው አልችልም። እጄ እዚህ ላይ ደርሶ ስንት ጊዜ ቆመ መሰለህ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ መጨረስህን ነግረኸኝ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ እመጣለሁ ብለኸኝ ነበር። እኔም ና አልኩህ። ባለፈው ዓርብ ሥራ ሲያበቃ አድማሴ ከላይ ወርዶ ጠራኝ። ረዳቱ የእህቱ ልጅ ነበር፣ ሳይነግረው ወደ ዓረብ አገር ሄዶበታል። ተናዷል፣ ዘመድ የሚባል ነገር ከእንግዲህ አጠገቤ አይወጣም እያለ ይምላል። ተራዬ ደረሰ ብዬ አሰብኩ።

"አንተን እንኳ አልወስድህም" አለኝ ገና አፌን ሳልከፍት። "ከታች ሳይህ ነው ተማምኜ የማነሳው። አንተ ከወጣህ ማን ያስርልኛል? ከአገርህ ወረቀት ያለው፣ ረጋ ያለ ልጅ ካለ ግን አምጣልኝ። አስተምረዋለሁ።"

ረጋ ያለ፣ ወረቀት ያለው፣ ከአገሬ። ሌላ ማን አለ? ስምህን ብቻ መጥራት ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን የታየኝ አንተ መሰላሉን ስትወጣ፣ እኔ ከታች ቆሜ ላንተ ሳስርልህ ነው። እናቴ ጥላ ያስገባችልኝ እኔ፣ ከእኔ በኋላ የመጣህ አንተ ከላይ። ቅናት ያዘኝ። ከልጅነት ጀምሮ ባንድ ትሪ የበላን ሰዎች፣ ቅናት ያዘኝ።

"ረዳት የሚሆን ሰው አላውቅም" አልኩት።

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እኔም ቤቴ ሄጄ ራቴን በላሁ፣ ተኛሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም እያልኩ ላሳዝንህ አልፈልግም፣ ወስዶኛል።

የሆሳዕና ዕለት እናቴ ደወለች። አንተ በዋዜማው ቤት መጥተህ እንጨት እንደፈለጥክላት፣ ለእኔ በሶ አስይዛ እንደምትልክህ፣ "ወንድሜ ሥራ ሊያስገባኝ ነው" እያልክ እንደምትዞር ነገረችኝ። ጴጥሮስን ያስታወሰው ዶሮ ነው፣ እኔን እናቴ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ኦፕሬተር አለመሆኔን፣ በድምፅ ማጉያው የተነገረው ሐሰት መሆኑን፣ አድማሴን ያልኩትን። ስለ ጥላው የምታለቅስ መስሎኝ፣ እማዬ ይቅር በይኝ፣ ተክለ ሃይማኖት ፊት አዋረድኩሽ አልኳት።

"ጥላውስ ገብቷል፤ የጻድቁ ነው፣ አይመለስም" አለችኝ። "የሰው ልጅስ? አለኸኝን ማን ይመልስልሃል?"

ስልኩን ዘጋችው። አይዞህ፣ አብሽር እንኳ አላለችኝም፤ ያለዚያች ቃል ስልክ ዘግታ አታውቅም።

ሰኞ ማለዳ ከሁሉ ቀድሜ ሳይት ደረስኩ። አድማሴ ሊወጣ መሰላሉን ሲይዝ ደርሼ፣ የዓርቡን ዋሽቼህ ነው፣ ሰው አለኝ፣ ስሙ አለኸኝ ይባላል፣ ሠልጥኗል፣ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ የረጋ ነው አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። ቅዳሜ ፎርማኑ የሚስቱን ወንድም አምጥቶለት ነበር። ልጁ እዚያው ጋ ቆሟል፣ አዲስ ቆብ አድርጓል፣ ወረቀትም የለውም። ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር።

"አላውቅም አላልከኝም?" አለና ወጣ።

ልጁም ተከትሎት ወጣ። እኔ ሰንሰለቴን ይዤ ከታች ቆምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእነሱ አስራለሁ።

ሥልጠናው ሥራ ያስገኛል ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አሁን መልሱን ልስጥህ። ወረቀቱ በር ድረስ ያደርስሃል፣ በሩን ግን አይከፍትልህም፤ ከውስጥ ሆኖ የሚከፍትልህ ሰው ያስፈልጋል። አንተ ያ ሰው ነበረህ። በሩ ጋ ቆሜ ነበር፣ አልከፈትኩልህም።

አሁን የምትወስነው አንተ ነህ፣ እኔ ምክር የመስጠት መብቴን ጨርሻለሁ። እዚህ ከመጣህ የማገኝልህ ጭነት ማሰር ነው፤ ፀሐዩ ይከብዳል፣ አሳሪ ደግሞ እንዳየኸው ጎበዝ ከሆነ እዚያው ይቀራል። ከቀረህ፣ መሪጌታ ቦታህን ለሌላ እንዳልሰጡ እናቴ ጠይቃልኛለች። ፊታቸው መቅረብ ካፈርክ ይህን ደብዳቤ ስጣቸው፣ ያባረረህ ማን እንደሆነ ይወቁ። የሰፈራችን የብርሀንነሽ ልጅም ለክረምት ኮምቦልቻ ለሥልጠና ሊሄድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እሱም እንዳይታለል ግንቦት አሥራ ሁለት ለተክለ ሃይማኖት ንግሥ እመጣለሁ። አስተዳዳሪውን ለምኜ፣ አምና ዝም ያልኩበት ቦታ ላይ ቆሜ በራሴ አፍ እናገራለሁ። ይህን ለእናቴም ነግሬያታለሁ።

ሰኞ ከመጣህ ደግሞ መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ። ልታናግረኝ ካልፈለግክ አታናግረኝ። ሻንጣህን ብቻ ስጠኝ፣ ከኋላህ እሄዳለሁ።

በድዬህ ወንድምህ መባል የማያምርብኝ፣
መዝገቡ