ቁልቁለቱ ላይ አርባ ሰባት ደቂቃ

ጆሃንስበርግ፣ ኮዝሞ ሲቲ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አንዱዓለም፣

ትከሻህ ከፋሻ ወጥቶ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ካልወጣም ሐኪሙ ያለህን ጠብቅ፤ ልጅ ሆነህም የቁስልህን ቅርፊት ሳይደርቅ መላጥ ትወድ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ደክሞኛል። በእኔ ዕድሜ ሥራ የለም፣ ሥራ አያደክምም፤ የራስ ያልሆነ ምስጋና ተሸክሞ መኖር ግን ያደክማል።

ምስጋናው ከሆስፒታል አልጋ ላይ በድምፅ መልእክት የላክልኝ ነው። «እማዬ፣ ኩራትሽን ጥለሽ ቀድመሽ ደወልሽልኝ። ያ ስልክ ነው ያተረፈኝ። ያለፈውን ሁሉ ትቼዋለሁ፤ በመስከረም ቲኬት እልክልሻለሁ፣ መጥተሽ ሐይቁን ታያለሽ» አልክ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ብቻ ጽፌ ላክሁልህ። የዋሸሁት ቃል የለም፤ እውነቱን ግን አልነገርኩህም።

ከመነሻው ልጻፈው።

በ2011 ዓ.ም. አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ያልኩህን አንተም አልረሳኸውም፣ እኔም። በሒሳብ አያያዝ ተመርቀህ ዲፕስሉት ሰፈር ውስጥ ለሱቆች ዳቦ ስታከፋፍል ኖርክ፤ እሱን ሥራ ነው ብዬ ቻልኩት። ያቺን አሮጌ ብስክሌት ገዝተህ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀይ አፈር መንገድ ስትዞር ውለህ፣ እስከ ቅንድብህ አቧራ ለብሰህ ስትገባ ግን አፈርኩብህ። አብረውህ ከሚጋልቡት አንዱ ኦስትሪያዊ በአገሩ የብስክሌት ጥገናና የአስጎብኚነት ሥራ አገኘልህ። የሄድክ ቀን ሻንጣህን እየጎተትክ «እማዬ፣ መርቂኝ» አልከኝ። እኔም «ሰው የሆንክ ቀን ደውልልኝ» አልኩህ። ምርቃት የጠየቀ ልጅ ያንን ይዞ ሄደ።

አንተ ቃሌን እንደ ቤት ሥራ ወሰድከው። እኔ ደግሞ ታናሽ ታላቁን ይጠይቃል እንጂ ታላቅ ታናሹን ደጅ አይጠናም ተብዬ ያደግሁ ነኝ። በሐረር የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ቀድሞ ሰላምታ መስጠት የነበረበትን ተማሪ፣ ካልሰጠ፣ ቀኑን ሙሉ ያቆሙት ነበር። ሁለታችንም ቆመን ዓመታቱ አለፉ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ገባ። አንዱዓለም ጉዞ ጀምሯል፣ በካርታ ይከታተሉት ይላል። መክፈቱን የምታውቀው ፊርዶስ ናት። ፊርዶስን አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የቤቱን የፊት ለፊት ክፍል ተከራይታ ሱቅ ያደረገችው የስልጤ ልጅ ናት። ስትከፍተው አንድ ሰማያዊ ነጥብ በአንድ ሐይቅ ዳር እየሄደ ነው።

«አደጋ ቢደርስበት የሚነገረው ሰው እርስዎን አድርጎ መዝግቦ ነው፣ እማማ» አለችኝ።

መነጽሬን የምፈልግ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አላለፈኝም። በበጋችሁ ሰዓታችን አንድ በመሆኑ ደስ ይለኛል። ባለ ካሬ ወረቀት ገዝቼ መንገዶችህን በማስመሪያ ሣልኳቸው። የመጀመሪያው ሐይቁን ይዞራል፤ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት መንደር፣ አብዛኛው ሜዳ። በዕድሜ የገፉ እንግዶች ሲመጡ በዚያ እንደምትወስዳቸው ገምቻለሁ። ሁለተኛው ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ተነሥቶ በጥድ ደን ውስጥ ወደ ግጦሹ ተራራ የሚወጣው ፒስታ ነው፤ ስምንት መቶ ሰባ ሜትር ሽቅብ። ላይኛዋ ትንሽ ጸሎት ቤት ዘንድ አሥራ አምስት ደቂቃ ታርፋለህ፤ ከሃያ አልፈህ አታውቅም። ሦስተኛው በጥንቱ የጨው መንገድ ወርዶ ከሌላኛው ሐይቅ ይገናኛል። የመንደሮቹን ስም በፊደላችን ለመጻፍ ሞክሬ ተውኩት፤ ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ታችኛው እላቸዋለሁ። ከፊርዶስ ዳቦ ሊገዙ የሚመጡት የሰፈር ሴቶች «ጎጎ፣ ዛሬም ትምህርት አለ?» ይሉኛል፤ ጎጎ አያት ማለታቸው ነው። አለ እላቸዋለሁ።

ሰኞ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ዝናብ የበላውን ጠጠር ቅዳሜ እየዞርክ እንደምትፈትሽም ገባኝ። ለሥራህ ጠንቃቃ ነህ። ይህን ያኔውኑ ልነግርህ ይገባ ነበር።

ሐምሌ 5 ቀን ሁለተኛውን መንገድ ወጣህ። እዚህ ክረምት ነው፤ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ መስኮቱ ሥር ፀሐይ እሞቃለሁ። ጸሎት ቤቷ ዘንድ አሥራ አራት ደቂቃ አረፍክና ቁልቁለቱን ጀመርክ። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነጥቡ ቆመ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ የከፍታ መስመሮቹ ተጣብቀው ጥቁር በሚመስሉበት። እዚያ ቦታ ሰው አያርፍም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ በአሥረኛው ደቂቃ አውቄዋለሁ።

አውቄም አልደወልኩም። ቁጥርህን አወጣሁ፣ አየሁት፣ ስልኩን መልሼ ጭኔ ላይ አኖርኩት። ጎማ ፈንድቶበት ይሆናል አልኩ። ሰው አግኝቶ እያወራ ይሆናል አልኩ። ከሁሉ ሥር የነበረው ግን ሌላ ነው። ቀድሜ ደውዬ «ደህና ነኝ፣ ምነው?» ብትለኝስ? ይህን ያህል ዓመት የጠበቅሁት ለዚህ ነው? እያልኩ ደቂቃውን ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ደብተሩ አሁንም አለ፤ ጽሕፈቴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ፊርዶስ የጋዝ ማሞቂያዬን ልትዋስ ገባች።

«እማማ፣ ፊትዎ ምነው?»

«ልጄ ቆሟል።»

«የት ቆመ?»

«ቁልቁለቱ ላይ። አርባ አራት ደቂቃ ሆነው።»

«ታዲያ ይደውሉለታ።»

«መደወል ያለበት እሱ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ወድቆ ከሆነስ? ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ ይደውል? ወይስ ሽማግሌ እንላክበት?»

«አንቺ ልጅ፣ ሥርዓት ያዢ» አልኳት።

«ሥርዓቱን በኋላ ይቆጡኛል፣ ቲቸር» ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ስኳር ስትመዝን ነበር፤ ስልኬ እስከ ማታ ሲጣበቅ ዋለ።

አንዴ ጠራ፣ አልተነሣም። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። በአራተኛው አንዲት ሴት በጀርመንኛ አነሣች። ፊርዶስ በሱቅ እንግሊዝኛዋ «ማማ፣ የስልኩ ባለቤት የት ነው?» ስትላት ከወዲያ ማዶ ጩኸት ሰማሁ። የቀረውን ራስህ ነገርከኝ፤ በእግር ይጓዙ የነበሩ ባልና ሚስት ከመንገዱ በታች ስልክ ሲጮኽ ሰምተው፣ ወርደው በዛፎቹ መካከል እንዳገኙህ፤ ሐኪሙም «ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር» እንዳለህ።

እንግዲህ ያተረፈችህ ፊርዶስ ናት። እኔ አርባ ሰባት ደቂቃ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ልጽፍልህ መሆኑን ስነግራት ሣቀችብኝ። «ይተዉት፣ እማማ። የማን ጣት እንደነካው ስልክ አይናገርም። ልጅዎ ታርቆዎታል፤ ሌላ ምን ፈለጉ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዝም ብል በመስከረም ሐይቁ ዳር እቀመጥ ነበር። ነገር ግን ድሮ አንዲት ተማሪዬ ከጎረቤቷ ቀድታ ያገኘችውን ውጤት ሰርዤባት፣ በዚያ ምክንያት ክፍል ደግማለች። ስታለቅስ ፊቷ ዛሬም ይታየኛል። የእሷን ሰርዤ የራሴን እንዴት ልተወው?

ስለ ቲኬቱ አሁን አትወስን። ይህን አንብበህ ብትቀየመኝ አግባብ ነው፤ ስትቀየም ግን ፊርዶስን ማመስገንህን አትርሳ። በር ላይ ያልኩህንም ቃል መልሼ ወስጃለሁ። ያኔም ሰው ነበርክ። አቧራው ነው የጋረደኝ፤ አቧራውም ካንተ ይልቅ እኔ ዓይን ውስጥ ነበር።

ደብዳቤው ሐሙስ እንደሚደርስህ ፈጣን መልእክት ቤቶቹ ነግረውኛል። ዓርብ ፍልሰታ ይፈታል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከመንደሩ ትነሣበት በነበረው ሰዓት፣ እደውልልሃለሁ። ፊርዶስ ሱቋ ውስጥ ትሆናለች፤ ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ባታነሣው አልቀየምህም፣ መልሼ እደውላለሁ። እሷ አራት ጊዜ ደውላለች፤ እኔ ከእሷ አላንስም።

እናትህ
የሻሽወርቅ